የተሸፈነው የዓባይ ፊት፦ ከፒያሳ ናቮና እስከ ግሽ ዓባይ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ክፍት ሆኖ በቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ላይ የተነበበ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በጣም ሩቅ በሆነ ስፍራ፣ በሮም ከተማ አደባባይ ነው። የሚያበቃው ግን በጥሊሊ በኩል ታጥፈን ወደ ሰከላ ብንጓዝ በምንደርስበት ቦታ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አብረን እንድንሄድ እጋብዛችኋለሁ። የምናገረው ስለ አንድ የሽርሽር ቀን ቢመስልም ጉዳዩ ግን ከዚያ የከበደ ነው፤ አንድ ሕዝብ የሚያውቀው ነገር «ታወቀ» የሚባለው መቼ ነው? አውቆ ያልጻፈ፣ ጽፎም ያላስታወሰ፣ ከማያውቅ ይለያልን? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የምሁራን ጉባኤ ወደ ሮም ሄጄ ነበር። ጉባኤው ሲጠናቀቅ አንድ ቀን ተረፈኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በትልቅ አውቶቡስ አትጓዝ፤ ከተማዋን ሳታያት ትመለሳለህ። በእግራቸው ከሚዞሩት ትንንሽ ቡድኖች በአንዱ ግባ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ተቀበልሁ። በማግሥቱ ጠዋት ከፓንቴዎን ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ስደርስ ሰባት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ፤ ከእኔ ጋር ስምንት ሆንን። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሁለት ወጣት መምህራን፣ አንዲት ሐኪም ከአረጋዊት እናትዋ ጋር፣ አንድ የሕንጻ ተማሪና እኔ። አስጐብኚያችን የከተማዋ ተወላጅ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያጠናች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትናገር ሴት ነበረች።

የአስጐብኚያችንን አሠራር በመምህር ዓይን ተመለከትሁት። ከአንድ ሥራ ፊት ስንደርስ ወዲያው ማብራራት አትጀምርም። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ታሰኘናለች። ከዚያ «ምን አያችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ የተናገረውን ለሌላው ታቀብላለች፤ የተሳሳተውን አታሳፍርም። የምታውቀውን የምትናገረው እኛ ያየነውን ከጨረስን በኋላ ነው። በሃምሳ ሰው ቡድን ይህ አይሆንም፤ ሃምሳ ሰው ይሰማል እንጂ አይጠይቅም። ስምንት ሰው ግን እርስ በርሱ ይተያያል፤ ያልገባው ሰው ፊቱ ላይ ይታወቅበታል። የቅኔ ቤት መምህር ደቀ መዛሙርቱን በዛፍ ጥላ ሥር ከብቦ ሲያስተምር ያየ ሰው ይህን አሠራር አይስተውም።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ከፓንቴዎን ደጃፍ ላይ ተጀመረ። ከዓምዶቹ በላይ በትልልቅ ፊደላት የተቀረጸው ጽሑፍ ሕንጻውን የሠራው ማርቆስ አግሪጳ እንደሆነ ይናገራል። ዛሬ የቆመው ሕንጻ ግን የአግሪጳ አይደለም፤ የእርሱ ፈርሶ ተቃጥሎ በሁለተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን ተሠርቶ የተጠናቀቀ ነው። ሐድርያን የራሱን ስም ትቶ የቀድሞውን ስም አስቀረ። ከ43 ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ያንን ጉልላት በእጃቸው ያቆሙት ግንበኞች ስም ደግሞ ከቶ አልተጻፈም። አስጐብኚያችን ይህን ስትነግረን «በዚህች ከተማ የተጻፈ ስም ሁሉ የሠሪው ስም ነው ብላችሁ አትመኑ» አለችን። ቃሏን በልቤ ያዝሁት፤ በዚያው ቀን እንደሚያስፈልገኝ ግን አልገመትሁም ነበር።

ከዚያ ጥቂት ተጉዘን ፒያሳ ናቮና ደረስን። ይህ አደባባይ ረዥም፣ በአንድ ጫፉም ክብ ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ምእት ዓመት ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያን ያሠራው የውድድር ስታድየም ነበረ፤ ቤቶቹ በተመልካቾቹ መቀመጫ ፍርስራሽ ላይ ተሠርተዋል። በአደባባዩ መካከል ጃን ሎሬንዞ በርኒኒ የነደፈው፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ትእዛዝ ተሠርቶ በ1651 የተመረቀው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ይገኛል። በላዩ ከግብፅ ደንጊያ የተጠረበ ሐውልት ቆሟል፤ በሥሩ ዓለቱን ተደግፈው አራት ግዙፋን የሰው ምስሎች ተቀምጠዋል። እነርሱም ያን ጊዜ የታወቁትን አራት አህጉራት የሚወክሉ ወንዞች ናቸው፤ ዳኑብ ለአውሮፓ፣ ጋንጅስ ለእስያ፣ ላ ፕላታ ለአሜሪካ፣ ለአፍሪካም የእኛው ዓባይ።

እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ተመለከትን። «ምን አያችሁ?» አለች። አረጋዊቷ እናት «አንዱ ራሱን በጨርቅ ሸፍኗል» አሉ። ያ የተሸፈነው ዓባይ ነበር። ምስሉን በበርኒኒ ንድፍ መሠረት የቀረጸው ጃኮሞ አንቶንዮ ፋንቼሊ ነው። ብርቱ አካል፣ የተዘረጋ ክንድ አለው፤ ፊቱ ግን በመጐናጸፊያ ሥር ነው።

አስጐብኚያችን ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛው የከተማው ቀልድ ነው። ዓባይ ፊቱን የሸፈነው የበርኒኒ ተቀናቃኝ የነበረው ቦሮሚኒ የሠራውን የቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው ይባላል። ቀልዱ ግን ዓመቱን ሲመረምሩት ይፈርሳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሠራት የጀመረው ፏፏቴው ከተመረቀ በኋላ ነውና። ሁለተኛው ቁም ነገር ነበር፤ «ፊቱ የተሸፈነው በዚያን ጊዜ የዓባይ ምንጭ ስላልታወቀ ነው» አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስለዚያች የራስ ንቅናቄ ነው። እናቴ የሰከላ ልጅ ነበረች። እኔ ከዚያ ምንጭ የተቀዳ ጠበል በቅል ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሮም አደባባይ ቆሜ ግን የዓባይ ምንጭ አልታወቀም ሲባል ከሌሎቹ ጋር አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጨዋነት ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ፤ የሰው አገር ነው፣ አስጐብኚዋንም በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ብዬ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያነበብሁትን ከጠጣሁት ውኃ አብልጬ ማመን ለምጃለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስና ያ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንመርምር።

ፏፏቴው ከመመረቁ 33 ዓመት አስቀድሞ፣ በኤፕሪል 21 ቀን 1618፣ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ወደ ሰከላ መጥቶ ግሽ ላይ ቆሟል። ምንጩን ተመልክቶ፣ ጥልቀቱን በጦር ሞክሮ፣ ያየውን ጽፏል። የፋርሱ ቂሮስና ካምቢሲስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ለማየት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ መደሰቱንም ገልጿል። ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። የኢትዮጵያ ታሪክ ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ሙሉው በኅትመት የወጣው ግን በ1905 እና በ1906 ነው፤ የታተመውም በሮም። ከእርሱ በኋላ ሌላው የማኅበሩ ካህን፣ ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦም ስለ ምንጩ ጽፏል።

የሚደንቀው ገና ይመጣል። በፏፏቴው ላይ የቆመውን ሐውልት ታሪክና ትርጉም በተመለከተ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አማካሪ የነበረው አትናቴዎስ ኪርሸር የተባለ፣ እርሱም ኢየሱሳዊ፣ በዘመኑ ሁሉን አዋቂ የተባለ ሊቅ ነበር። በ1650 ስለዚያው ሐውልት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ በሐውልቱ ላይ ያለውን የግብፅ ምስላዊ ጽሑፍ በሙሉ አንብቤአለሁ አለ። ንባቡ ስሕተት ነበር፤ ያንን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ የተቻለው ሻምፖልዮን በ1822 መንገዱን ከከፈተ በኋላ ነው። ይኸው ኪርሸር ደግሞ ከ1652 ጀምሮ ባሳተመው ሌላ ግዙፍ ሥራ የፓኤዝን የግሽ ምስክርነት አስገብቷል። እንግዲህ በአንድ ድንጋይ ዙሪያ ሁለት ነገር አብሮ ቆመ። ከላይ፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ «ተነበበ» ተባለ። ከታች፣ የዓይን ምስክር ያለው ምንጭ «አልታወቀም» ተብሎ ተሸፈነ።

ከዚህም የሚልቅ አለ። ፏፏቴው ሲሠራ በሮም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ ከፒያሳ ናቮና በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በዚያች ከተማ ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የግእዝ ዳዊት አሳትሟል፤ ለዚህ ያነሣሣው በሮም የሐበሻ መነኮሳትን ጸሎት መስማቱ ነው። በ1649 ደግሞ፣ የበርኒኒ ጠራቢዎች በሥራ ላይ ሳሉ፣ ወጣቱ ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ ወደ ሮም መጥቶ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ከወጡት ካቶሊካውያን ጋር የተሰደዱ ሊቅ ነበሩ። በ1652 ሉዶልፍ ወደነበረበት ወደ ጎታ ሄደው በዚያ ብዙ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስለ ዓባይ ሲጽፍ የአባ ጎርጎርዮስን ቃል በምስክርነት ጠቅሷል። በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም መሠረቱ እኒሁ አባት ናቸው። እርሳቸው ግን ይህን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብራ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

እንግዲህ አስቡት። ቀራጺው የዓባይን ፊት በድንጋይ መጐናጸፊያ ሲሸፍን፣ ወንዙ ከጎጃም እንደሚነሣ የሚያውቁ ሰው ከወንዙ ማዶ፣ በቲቤር ዳርቻ ባለች ከተማ ውስጥ ሰዓታትን እየጸለዩ ይኖሩ ነበር። ግማሽ ሰዓት መሄድና መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ፍትሐዊ ልሁን። መጐናጸፊያው ስድብ አይደለም። በላቲን «የዓባይን ራስ መፈለግ» የማይቻለውን መመኘት ማለት ነበር፤ በርኒኒ ለዘመናት የቆየውን ያንን አነጋገር በድንጋይ ተረጐመ። ደግሞም ወንዙ ሁለት ክንድ አለው። የነጩ ዓባይ መነሻ ለአውሮፓውያን የተገለጠው በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ነው፤ በርዝመትም የሚበልጠው እርሱ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ግን አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 ከመቶ ያህሉን ይሰጣሉ። ከግሽ የሚነሣውም ግልገል ዓባይ ነው፤ ጣና ይገባል፣ ታላቁ ወንዝ ከጣና ይወጣል። ስለዚህ «ምንጭ» የሚለው ቃል ከውኃ መጠን ብቻ አይወጣም፤ ሰዎች «ከዚህ ይጀምራል» ብለው የሚስማሙበት ነው። በዚህ ምድር የሚኖሩት ሰዎች ከፓኤዝ በፊት ተስማምተው ነበር። ፓኤዝን እጁን ይዘው ያደረሱት እነርሱ ናቸው፤ ማንም ባዶ ሜዳ ላይ ሄዶ ምንጭ «አላገኘም»።

ጉብኝቱ ሲያበቃ አስጐብኚያችንን ቡና ጋበዝኋት። በሕዝብ ፊት ያልተናገርሁትን በዚያ ተናገርሁ። ተወልጄ ያደግሁበትን፣ ፓኤዝንና ኪርሸርን፣ አባ ጎርጎርዮስን ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ደብተርዋን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ ባላሰብሁት በኩል መጣችብኝ። «ከነገ ጀምሮ ለጐብኚዎቼ ይህን እነግራለሁ። ግን የጠቀሱልኝ ሁሉ ስፔናዊ፣ ፖርቱጋላዊ፣ ጀርመናዊ ነው። ከራስዎ አገር ሰዎች ማን ነው ስለ ምንጩ የጻፈው? ስሙን ይስጡኝ» አለችኝ።

እኔም መለስሁላት። በ1770 ኖቬምበር ላይ ግሽ የደረሰውን ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስን ጠቀስሁ። በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ያሳተመውን፣ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውን ቺዝማንን ጨመርሁ። ተናግሬ ስጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። የጠየቀችኝን አልመለስሁም ነበር።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደ መብረቅ አንድ ነገር መጣብኝ፦ ገድለ ዘርዐ ብሩክ። በግሽ ዓባይ የሚከብሩት የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገድል! ልጅ ሳለሁ በክብረ በዓላቸው ቀን ሲነበብ የሰማሁት፣ እናቴም በራስዋ አንደበት ደጋግማ የተረከችልኝ። ጻድቁ የዚህን ዓለም ክፋት ላለማየት ዓይናቸው እንዲታወር ለምነው ለዓመታት ብርሃናቸውን እንዳጡ፣ ኋላም እንደተመለሰላቸው ይነገራል። ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ውኃው አንዲት ፊደል ሳያረጥብ እንደመለሰላቸው ይታመናል። አፈ ታሪኩ የቦታውንም ስም በዚያች ሰዓት ለውኃው ከተናገሩት «ግሺ» ከሚል ቃል፣ «አውጪ፣ መልሺ» ከማለት ያያይዘዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዙን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከተጠቀሰው፣ የኢትዮጵያን ምድር ከሚከብበው ከግዮን ጋር አንድ አድርጋ ታስተምራለች።

ይህ ሁሉ በብራና ላይ ተጽፎ ሳለ እኔ ለዚያች ሴት «ከአገሬ ሰው የጻፈ አለ» ማለት አልቻልሁም። ባላውቅ ኖሮ ይቅር ያሰኘኝ ነበር። እያወቅሁ አልቆጠርሁትም። በተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ገድል የእምነት መጽሐፍ እንጂ የዕውቀት ምንጭ አይደለም የሚል ልማድ ሳላስተውለው ገብቶኝ ነበር። ገድል ካርታ አይደለም፤ ካርታ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ማኅበረሰብ ይህን ስፍራ ማወቁን፣ ማክበሩን፣ ከታላቁ ወንዝ ራስ ጋር ማያያዙን የሚመሰክር ጽሑፍ ነው። የፓኤዝን ደስታ እንደ ታሪክ፣ የጻድቁን አደራ እንደ ተረት ብቻ የምንመዘግብ ከሆነ፣ በሮም ያለውን መጐናጸፊያ የምንይዘው እኛ ነን። በግእዝ ዐይን ማለት የምናይበት ብቻ ሳይሆን የሚፈልቀው ውኃም ነው፤ ዐይነ ማይ እንላለን። ያን ዐይን በገዛ እጄ የሸፈንሁት እኔ ነበርሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ15ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በቬኒስ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ታላቅ የዓለም ካርታ ሠራ፤ ዛሬም በዚያችው ከተማ ይገኛል። የኢትዮጵያን ክፍል የሞላው ከዚያ ከመጡ ካህናት እንደሆነ፣ እነርሱም አውራጃዎችን፣ ወንዞችንና ተራሮችን በገዛ እጃቸው ስለው ከነስማቸው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይም በስሙ ተጽፎበታል። ይህ የሆነው ፏፏቴው ከመሠራቱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። የእነዚያ ካህናት ስም ግን የለም። ብሩስም ግሽ ሲደርስ የምንጩን ጠባቂ ሽማግሌ «ክፍላ ዓባይ» ብሎ ጠቅሷቸዋል። ያስተናገዱት፣ ስለ ቦታው ሥርዓት የነገሩት እርሳቸው ናቸው። እርሱ ግን በኮኮናት ጽዋ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጤንነት ከጠጣ በኋላ ምንጩን በመጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ አለ፤ የፓኤዝንም ጉብኝት ሐሰት ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለት እንግዶች «ቀዳሚው ማን ነው?» ብለው ሲሟገቱ ባለቤቱ ሽማግሌ ከክርክሩ ውጭ ቀሩ። ከዚህ ሁሉ መካከል መምህሩን በስሙና በክብሩ ያነሣ ሉዶልፍ ነው። ስለዚህም አባ ጎርጎርዮስን ዛሬ እናውቃቸዋለን። ስም መጻፍ ይህን ያህል ኃይል አለው።

ከሮም ከመነሣቴ በፊት ብቻዬን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድሁ። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ቆሞበት የነበረው ስፍራ ነው። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል እመልሳለሁ ብላ የፈረመችውን የመለሰችው በ2005 ነው፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። ቦታው አሁን ባዶ ነው ሊባል ይችላል። እዚያ ቆሜ ያሰብሁት ይህ ነው፤ ድንጋይ ቢወሰድም ባለቤቱ ይታወቃል፤ ስድሳ ስምንት ዓመት ቢፈጅም ይጠየቃል፣ ይመለሳል። ሳይጻፍ የሞተ ሽማግሌ ዕውቀት ግን በምን ውል ይጠየቃል? ከማንስ?

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ወደ ምንጩ የምንሄደው ጾመን፣ ሌሊት ተነሥተን ነበር፤ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ጠበሉ አይቀርብም። በመንገድ ላይ የየጅረቱን ስም ትነግረኝ ነበር፤ የትኛው ውኃ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚገባ፣ የትኛው ለከብት፣ የትኛው ለሰው እንደሚሆን። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ስም የማስታውሰው አራት ወይም አምስት ነው። የዶክትሬት ዲግሪዬን ለማግኘት ዓመታት በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ሳሳልፍ፣ የእናቴን ቃል ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ አላጠፋሁም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእናንተ መካከል እናቱ፣ አያቱ በሕይወት ያሉ ብዙ ስላላችሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አቀርባለሁ። ያቺ የሮም አስጐብኚ ያሳየችንን አሠራር ወደ አገራችን እናምጣ። መንገዱ በፈቀደና ሰላም በሆነ ጊዜ ስምንት ስምንት እየሆንን ወደ ግሽ ዓባይ እንሂድ። በአውቶቡስ ሃምሳ ሆነን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን ለመመለስ አይደለም። የመጨረሻውን መንገድ በእግር እንሄዳለን። መሪያችን የአካባቢው ሽማግሌ ወይም ካህን ይሆናሉ እንጂ እኔ አልሆንም። እንደ ሥርዓቱ ጾመን እንቀርባለን። በመጀመሪያ ዝም ብለን እናያለን፤ ቀጥለን እንጠይቃለን፤ በመጨረሻ እንጽፋለን።

ስንጽፍ ሦስት ነገር እንጠብቅ። አንደኛ፣ ማን እንደተናገረ ፈቃዱን ጠይቀን ስሙን ከነማዕርጉ እንጻፍ፤ «አንድ የአካባቢው ሽማግሌ እንዳሉት» የሚለውን አነጋገር ከጥናታችን እናውጣ። ሁለተኛ፣ አባቶች እንዲነገር የማይወዱት ነገር ካለ አይጻፍ፤ ሁሉ ነገር ለኅትመት አይደለም፣ የሰው አደራም እንደ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛ፣ የጻፍነውን ይዘን እንመለስ። ለተናገሩት ሰዎች በጆሯቸው እናንብብላቸው፤ የተሳሳትነውን ያርሙን። ውኃው ለጻድቁ አደራውን የመለሰ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ከውኃ ሊያንስ አይገባውም።

የጅረቶቹ ስም፣ የሚደርቁበት ወር፣ የምንጮቹ አጠባበቅ ለጂኦግራፊና ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ተማሪዎች ጠቃሚ መረጃ ነው። የአማርኛውና የአገውኛው የቦታ ስሞች ለቋንቋ ተማሪዎች ሰፊ የምርምር መስክ ናቸው። ገድሉ ለግእዝና ለታሪክ ተማሪዎች ነው። አንዱ ክፍል ለብቻው ሊሠራው የሚችል አይደለም።

ወገኖቼ፣ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቁን ያላየ በትንሹ ይደነቃል ማለት ነው። የእኛ ነገር ግን ተገልብጧል፤ ዓባይን በካርታ፣ በመጽሐፍ፣ በቴሌቪዥን አይተን ምንጩን ያላየን ብዙ ነን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ግሽ ዓባይን በእግራችሁ የረገጣችሁ እጃችሁን አውጡ ብል፣ የሚወጣው እጅ ከሚቀረው እጅግ እንዳያንስ እፈራለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅም። በሚቀጥለው ዓመት ግን እጠይቃለሁ።

ለመጀመሪያው ጉዞ የምንፈልገው ስምንት ሰው ነው። ስማችሁን በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት የሚወስኑት ከፊት ወንበር የተቀመጡት የሰከላ አባቶች ናቸው። ለዚያች የሮም አስጐብኚም ደብዳቤ እጽፍላታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ የጠየቀችኝን ስም እስካሁን አልላክሁላትም። አንድ ስም ብቻ ሳይሆን ብዙ ስም ይዤ እንድጽፍላት እርዱኝ።